ተካይ በዛ፣ ጠባቂ ጠፋ

ወጣቶች ሆይ፤ ዛፍ መትከል በጎ ሥራ መሆኑን የሚክድ ሰው ዛሬ በአገራችን አይገኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ በተነገረ ጊዜ ዓለም ተደነቀ፤ ከዚያም ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር ሹሙም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም አካፋና ዶማ ይዞ ወደ ኮረብታ መውጣቱ ልማድ ሆኖአል። እኔ ይህን ልማድ አልነቅፍም። የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ሐምሌ ላይ ችግኝ ተክሎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው፣ የካቲት ላይ ማንም ሳይተክለው የበቀለውን የሰፈሩን ዱር ከብት ሲግጠው፣ መጥረቢያ ሲጥለው እያየ ዝም ማለቱ ነው። ዝም ማለቱስ ይሁን፤ የሚናገሩትን ጥቂት ልጆች ደግሞ ሥራ ፈቶች እያለ ይስቅባቸዋል። ይህን የምጽፈው ስለ እነዚያ ጥቂት ልጆችና ስለሚስቁባቸው ሰዎች ነው።

አስቀድሞ ዱር ምን እንደ ሆነ እንነጋገር። በማስተማር ላይ በነበርሁበት ዘመን ተማሪዎቼን «ዱር ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ «ብዙ ዛፍ ያለበት ቦታ» ይሉኝ ነበር። የባሕር ዛፍ ማሳም ብዙ ዛፍ ያለበት ቦታ ነው፤ ዱር ግን አይደለም። በቀትር ጊዜ ወደዚያ ማሳ ግቡና አዳምጡ፤ የቅጠሉ መንሿሿት ካልሆነ በቀር እምብዛም የሚሰማ ድምፅ የለም፤ ከሥሩም ለበግ የሚበቃ ሣር ማግኘት ያስቸግራል። ከዚያ ወጥታችሁ ወደ አንድ የቆየ ደብር ቅጥር ግቡ። ከላይ ጥዱና ወይራው፣ ኮሶውና ዋንዛው ጥላቸውን አጋጥመው ቆመዋል፤ ከእነርሱ በታች ብሳናው፣ ቀጋውና አጋሙ ተጠላልፈዋል፤ ሐረጉ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሸጋገራል፤ ከሁሉም በታች የብዙ ዘመን ቅጠል በስብሶ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎአል። ጉሬዛው ከላይ ሆኖ ይመለከታችኋል፤ ድኩላው ሳታዩት አይቶአችሁ ሸሽቶአል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በዚያ ምንጣፍ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰርጋል እንጂ አፈር ተሸክሞ ወደ ዓባይ አይሮጥም። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ቆፍሮ የሚተክል እጅ የለም። ዱር የሚሠራው በዕድሜ ነው፤ የሚፈርሰው ግን በአንድ በጋ ነው።

ባሕር ዛፍን እንደ ጠላት የምቆጥር እንዳይመስላችሁ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አድኖአል፤ በእኛም በማቻከል ስንቱ ገበሬ በእርሱ ቤት ሠርቶአል፣ ልጅ አስተምሮአል። ማሳን ለባሕር ዛፍ መስጠት የባለ ማሳው ፈንታ ነው። ዱሩን ነቅሎ በቦታው ባሕር ዛፍ ማቆምና «ዛፍ በዛፍ ተካሁ» ማለት ግን ማታለል ነው።

ከአማኑኤል ሆነን ወደ ምሥራቅ ስንመለከት የጮቄ ተራራ ይታየናል፤ ጫፉ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ከእርሱ የሚፈልቁት ወንዞች ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በዚያ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር። ቀይ ቀበሮ ከዓለም ሁሉ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ አውሬ ነው፤ ዛሬ በምድር ላይ የቀረው ለአካለ መጠን የደረሰው ወደ 500 ቢጠጋ ነው፤ የሚበዛውም በባሌ ተራሮች ነው። በጮቄ ግን ጠፍቶአል። ልጅ ሆኜ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት፣ በንባብ መጽሐፋችን ላይ የእንግሊዝ አገር ቀበሮ ከነጅራቱ ተሥሎ እናይ ነበር፤ ስሙንም በእንግሊዝኛ አሳምረን እንጽፍ ነበር፤ ከራሳችን ተራራ ላይ ስለ ነበረው ቀይ ቀበሮ ግን አንድ ቀን እንኳ ሲነገር አልሰማሁም። ስሙን ያልተማርነው ነገር ሲጠፋ አልታወቀንም። ጥይት ተኩሶ የጨረሰው አዳኝ አልነበረም። ገብሱና ድንቹ ዓመት ለዓመት ወደ ላይ እየወጣ፣ አስታው ለማገዶ እየተቆረጠ፣ ሣሩ እስከ ሥሩ እየተጋጠ ሲሄድ፣ አውሬው የሚያድነው ፍልፈልና የሜዳ አይጥ መኖሪያ ጠበበ፤ ቀበሮውም ከእነርሱ ጋር አለቀ። ለእርሱ መርዶ የነገረ የለም፤ ለቅሶም የተቀመጠ የለም።

«ድህነት ነው፤ ምን ይደረግ!» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እንግዲያስ ወደ መንዝ እንሂድ፤ መንዝም እንደ እኛ ብርዳምና ድኻ አገር ነውና።

በመንዝ ጓሳ የሚባል ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ደጋ አለ። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ከጓሳ ሣር ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ የዝናብ ገሳ ይሠራበታል። አስቦና ጌራ ከሚባሉት ሁለት አቅኚ አባቶች የሚወለዱት ሰዎች፣ የጓሳው ባለ መብቶች፣ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ቦታውን ቄሮ በሚባል የራሳቸው ሥርዐት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሥርዐቱ እንዲህ ነበር፦ ሣሩ የተጎዳ መስሎ ሲታይ መሬቱ ይዘጋል፤ ሦስት ዓመትም፣ አንዳንድ ጊዜ እስከ አምስት ዓመትም ተዘግቶ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ማንም ሰው ማጭድ ይዞ፣ ማንም ከብት ነድቶ አይገባም። ሣሩ በደረሰ ጊዜ በአለቆቻቸው ቃል ይከፈታል፤ ባለ መብቱም ሁሉ በተፈቀደለት ቀን ገብቶ ያጭዳል። ከዚያ ደግሞ ይዘጋል። ይህን ሕግ ያወጣላቸው የውጭ አገር ሊቅ አልነበረም፤ ከቤተ መንግሥት የተላከ ዘበኛም አልነበረም። ጠባቂውና ተጠቃሚው አንድ ሰው ነበረ፤ የነገሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት ይዞታ በአዋጅ ሲለወጥ የጥንቱ የቄሮ ሥርዐት ከአሮጌው ርስት ጋር አብሮ ተሻረ። ያን ጊዜ ጓሳም በማጭድና በከብት መንጋ ተጎዳ። የመንዝ ሰዎች ግን «እንግዲህ የመንግሥት ነው» ብለው እጃቸውን አላጣጠፉም። በዙሪያው ካሉት ቀበሌዎች ሰው መርጠው ኮሚቴ አቆሙ፤ አሮጌውን ሕግ ለአዲሱ ዘመን አስተካክለው መልሰው አቋቋሙት፤ ከየመንደሩ የወጡ ዘበኞችም ተራራውን ይዞሩታል። ስለዚህ በጮቄ የጠፋው ቀይ ቀበሮ በጓሳ ዛሬም አለ። ከጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል ገብቶ ሲመላለስ ይታያል፤ ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይተናኮልም። እዚያ የተቀመጡ ተመራማሪዎች ቆጥረው እንደ ጻፉት፣ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከመቶ ሙከራ 25 ያህሉ ሲሳካለት፣ በጭላዳዎቹ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል። እንዲህ ያለውን ጉርብትና ሣሩን በየተራ የዘጉና የከፈቱ ገበሬዎች አቆዩልን። እኛስ ለልጆቻችን በጮቄ ላይ ምን እናሳያቸዋለን? የድንች እርሻ ድንች ይሰጣል፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ተዳፋቱ ታጥቦ ቋጥኝ ብቻ ሲቀር ድንቹም አይኖርም።

ሌላ ምስክር ላምጣ። ከዓባይ ማዶ በደቡብ ጎንደር ያሉትን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው፤ ብዙዎቻችሁ «እመጓ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሌሊቱን ሙሉ ስታነቡ አድራችሁ ጧት ክፍል ውስጥ ታንቀላፉ እንደ ነበር አውቃለሁ፤ የደን ሊቅ መሆናቸውን ግን ስንቶቻችሁ አስተውላችኋል? በ28 ደብሮች ቅጥር ውስጥ ብቻ ከ160 የሚበልጥ ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጥረዋል፤ ከጥቂቱም በቀር ሁሉም አገር በቀል ነው። ኋላም ማርጋሬት ሎውማን ከተባሉት አሜሪካዊት የደን ሊቅ ጋር ሆነው ካህናቱንና ምእመናኑን አማከሩ፤ ሕዝቡም ከእርሻው ላይ የለቀመውን ድንጋይ ተሸክሞ በደኑ ዙሪያ ካብ ካበ። ከብቱ ቀረ፤ ቡቃያውም በቀለ። እርሻውም ከድንጋይ ጸዳ፤ በአንድ ሥራ ሁለት ጥቅም ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ አገራችንን ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ አንሥቶ ነበር። በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች ያንን አሮጌ ፎቶግራፍ ከዛሬው ጋር አስተያዩት። ብዙ ሰው የሚጠብቀው የደብሮቹ ደን በጣም አንሶ መገኘቱን ነው። ነገር ግን የደኖቹ ስፋት ያን ያህል አልተለወጠም። የጠፋው በደብሩና በደብሩ መካከል የነበረው ቁጥቋጦ፣ ገደል አፋፍ ላይ የነበረው ዱር፣ ስም ያልነበረው የማንም ቦታ ነው። ካህኑ የጠበቀው ቆመ፤ ማንም ያልጠበቀው ሄደ። ድኩላውም፣ ቆቁም፣ ሚዳቋውም ይኖር የነበረው በዚያ ስም በሌለው ቁጥቋጦ ውስጥ ነበር። ዛሬ ደብሮቹ በእርሻ ባሕር መካከል እንዳሉ ደሴቶች ናቸው፤ ከደሴት ወደ ደሴት የሚያሻግር ጥሻ ግን የለም። ይህን ካወቅሁ በኋላ «ችግኝ ስንት ተተከለ?» የሚለውን ጥያቄ ስሰማ «የቆመው በማን እጅ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ እኛው ሰፈር ልመለስ። ከከተማችን ወጣ ብሎ፣ ከአንዲት ምንጭ በላይ፣ ሁለት እግር ኳስ ሜዳ የማይሞላ ዱር አለ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ወደ ዐሥራ ሁለት የሚሆኑ ወጣቶች፣ ከእነርሱም አራቱ ልጃገረዶች፣ ደመወዝ ሳይቆረጥላቸው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ተራ ገብተው ይጠብቁታል። ጠዋት ከትምህርት በፊት አንድ ጊዜ፣ ማታ ከብት በሚገባበት ሰዓት አንድ ጊዜ ይዞሩታል። የወይራና የኮሶ ቡቃያ ከእሾሁ መካከል ብቅ ማለቱን እኔ ራሴ በብትሬ ቅጠሉን ገለጥ እያደረግሁ አይቻለሁ። በሰፈሩ ያላቸው ክብር ግን ምንድን ነው? «የጦጣ ዘበኞች» ይሏቸዋል።

ባለፈው በጋ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ስም ግን አልጠራም። አንዲት ባል የሞተባት ሴት ከዚያ ዱር አንድ ሸክም እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጣ ተያዘች፤ የሰፈሩ ሽማግሎች ቀጧትና እንቁላል ሸጣ ከፈለች። ወር ሳይሞላ ስድስት ላሞች ቡቃያውን ሲግጡ ተገኙ፤ የላሞቹ ጌታ በሰፈሩ የተከበረ፣ ለሠርግም ለተዝካርም እጁ የማይታጠፍ ሰው ነው። ልጆቹ ላሞቹን ነድተው አመጡ። ያን ጊዜ እነዚያው ሽማግሎች ተሰብስበው፣ ካሣውን ረስተው፣ ልጆቹን «የትልቅ ሰው ከብት ትነዳላችሁ? ተነሡና ጉልበት ሳሙ!» አሏቸው። እኔም በዚያ ተቀምጬ ነበርና «በድኻይቱ የተፈረደው ፍርድ በጌታው ላይ ካልተደገመ ፍርድ አይባልም» አልሁ። «መምህር፣ እርስዎ ደግሞ ነገር አያክርሩ» ተባልሁ። ልጆቹ ጉልበት ሳሙ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያ ዱር ውስጥ የዐሥር ቤት ከብት ይግጥ ነበር፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባልና። ከዐሥራ ሁለቱ ልጆችም ሦስቱ መምጣት ተዉ። እኔ በእነርሱ አልፈርድም።

ይህን የመሰለው ነገር ነው ዱራችንን የሚጨርሰው። መጥረቢያው ኋላ ነው የሚመጣ፤ አስቀድሞ ሕጉ ለአንዱ ብረት ለአንዱ ጭቃ ይሆናል።

«ዘበኛ ይቀጠርለት፤ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚሉ አሉ። ይቀጠር! ነገር ግን አንድ ዘበኛ ሁለት ዓይን እንጂ ሃያ ዓይን የለውም፤ ሌሊትም ይተኛል። ከዚህም ሌላ መጥረቢያ ይዞ የሚመጣው ሰው የዘበኛው አማች ወይም የክርስትና አባት ነው። ጎረቤት ሁሉ ካልተባበረው የአንዱ ዘበኛ ሥራ የታየውን እንዳላዩ መሆን ይሆናል።

«ሰው ሳይጠግብ ለአውሬ ማሰብ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ በቀላሉም ላልፈው አልወድም። ያችን የተቀጣችውን ሴት በኋላ ቤቷ ድረስ ሄጄ አነጋግሬአት ነበር። «መምህር፣ እኔ ዱሩን ጠልቼው አይደለም፤ ልጆቼ ጥሬ አይበሉ» አለችኝ። ምን ይመለስላታል? ዱር መጠበቅ ማለት ለዘላለም መከልከል ማለት ቢሆን ኖሮ እኔም ከእርሷ ጋር በቆምሁ ነበር። የጓሳ ሰዎች ግን እንዲህ አላሉም፤ እነርሱ ዘጉም፣ ከፈቱም። የደረቀው እንጨት በተወሰነ ቀን ቢለቀም፣ መጀመሪያም ጠዋሪ ለሌላቸው ቢሰጥ፣ ሣሩ በዕጣ ቢታጨድ፣ ያች ሴት ከሁሉ የበለጠች ጠባቂ ትሆናለች። ዛሬ ጠባቂ ያልሆነችው ከዱሩ ቅጣት እንጂ ድርሻ ስላላገኘች ነው።

የተሳለቁባችሁ እናንተ ወጣቶች የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። የኬንያዪቱን ወንጋሪ ማታይን ዓለም የሚያውቃቸው በተካይነታቸው ነው። በ1969 ዓ.ም. የመሠረቱት የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄ በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ ተክሎአል፤ በ1997 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣቸውም የተወራው ይኸው ነበር። ነገር ግን ችግኝ በመትከላቸው ብቻ ማንም ባልደበደባቸው ነበር። በ1991 ዓ.ም. የተደበደቡት፣ ናይሮቢ አጠገብ ያለው የካሩራ ደን ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኖ ሲታደል «አይሆንም» ብለው ችግኝ ይዘው ወደ ደኑ በሄዱ ጊዜ ነው፤ የተቀጠሩ ዘበኞች ራሳቸውን ፈነከቱአቸው። ካሩራ ዛሬም በከተማው ዳር ቆሞአል። ተካይን ሁሉ ያጨበጭብለታል፤ ጠባቂ ግን ከአንድ ሰው ጥቅም ጋር ይጋጫልና ጠላት አያጣም። እናንተም ይህን አውቃችሁ ግቡበት።

ሆኖም ነገሩ በዐሥራ ሁለት ልጆች ትከሻ ላይ ሊቀር አይገባም። እነርሱ ነገ ለትምህርት ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳሉ፤ ዱሩ ደግሞ ማንንም አይከተልም። እኔ ሳስበው ለሞት ጊዜ ያለንን ሥርዐት ለዱራችንም ማዋል እንችላለን። ዕድርን ማን አቋቋመልን? መንግሥት ነውን? ለቀብር ያልወጣ ሀብታም ይቀጣል፤ ድኻውም ይቀጣል፤ የዕድር ዳኛ ፊት አይቶ ቅጣት ቢተው ዕድሩ በዓመቱ ይፈርሳል፤ ይህን ሁላችን እናውቃለን። ለሬሳ ይህን ያህል ሕግ አክባሪዎች የሆንን ሰዎች በሕይወት ላለው ዱር ሕግ ማክበር ያቅተናልን?

ስለዚህ በሰፈራችን ላለው ዕድር አንድ ወረቀት ጽፌ ሰጥቻለሁ። በወረቀቱም ላይ ያለው ይህ ነው፦ ከየካቲት እስከ ሰኔ፣ ሣር በሚያጥርበትና ከብት በሚራብበት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ቤት በተራው አንድ ቀን ዱሩን ይጠብቅ፤ በገንዘብ ተራውን የሚገዛ አይኑር፤ የደረቀ እንጨት በወር አንድ ቀን ይለቀም፤ ቅጣቱ ለሁሉም እኩል ሆኖ በዕድሩ መዝገብ ይጻፍ። ልጆቹ ዱላ ይዘው ከሰው ጋር እንዳይጋጩ፣ ያዩትን ለተረኛው እንዲናገሩ ብቻ ይደረግ። ከወረቀቱም በስተ ጀርባ የተረኞቹን ስም በቅደም ተከተል አሰፈርሁ። የመጀመሪያውን ቀን ለራሴ አደረግሁት፤ ሁለተኛውን ለዚያች ሴት፤ ሦስተኛውን ለስድስቱ ላሞች ጌታ።

የዕድሩ ዳኛ ዝርዝሩን ቆመው አነበቡት፤ ሦስተኛው ስም ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና እንደ ገና አነበቡት። ከዚያም አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና «እሑድ በስብሰባው ላይ ይነበባል» አሉኝ።